የማያጨስ ሰው መተርኮሻዎች

በቀደም ከደባርቅ በላይ ቡይት ራስ አጠገብ ካለ አንድ ሎጅ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የናስ መተርኮሻ ተቀምጧል፤ ከበላዩ ግድግዳው ላይ ደግሞ ማጨስ ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አስተናጋጁን «ታዲያ ይሄ ለምንድን ነው?» ስለው፣ «ቪንቴጅ ነው እኮ፤ ለዲኮር ነው» አለኝ፤ እንዲህ ያለ መሀይም ምን አመጣብኝ በሚል ዓይን። አንስቼ አሸተትኩት። የቱንም ያህል ቢወለወል የማይለቅ የድሮ አመድ ሽታ አለው። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ለዚያ ሽታ ሒሳብ መክፈሌም አናደደኝ።

አባቴ ደባርቅ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ የሰው ጢስ እንኳ ያስለዋል። ግን መተርኮሻ ይሰበስባል። መንግሥት በተለወጠ ማግስት በጎንደር መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ቡና ቤቶች ግማሾቹ ሲዘጉ፣ ግማሾቹ ዕቃቸውን ሲለውጡ፣ ለሱ የደስታ ዘመን መጣለት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ዳባት፣ ሲብስበትም አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ይሄዳል። ሰው እህል ገዝቶ ሲመለስ እሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ መተርኮሻ ታቅፎ ይመለሳል። ወፍራም የብርጭቆ አለ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የሸክላ አለ፣ የጣሊያን ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ አለ። መጀመሪያ እናቴ ዳንቴል ያለበሰችውን ቡፌ ሞላው፤ ቀጥሎ የመስኮቱን ደፍ፤ በመጨረሻ ከሽቦ ማንጠልጠያ እየሠራ አንዱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሸፈነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉንም አውርዶ ፀሐይ ላይ ይደረድርና በአመድና በሎሚ ይፈትጋቸዋል። የአመድ ማራገፊያን በአመድ ማጠብ! ቀልዱ እንኳ አይታየውም። «እያንዳንዱ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ አስቦበታል» ይል ነበር፣ እየገለበጠ ጀርባቸውን እያነበበ።

ያኔ እንዴት እንደምንቀው ልንገራችሁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ነኝ። የክፍል ጓደኛዬ አባት ሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ ነበሩ፤ ጠመንጃቸውን አንግተው ወደ ከተማ ሲወርዱ መንገዱ ይለቀቅላቸዋል። የኔው አባት የሰው ትራፊ እቅፉ ላይ አስቀምጦ፣ የምላሱን ጫፍ በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ጨርቅ ያሽከረክራል። ያቺን ምላስ ሳይ ያንገሸግሸኝ ነበር። ትምህርት ቤት «የመተርኮሻው ልጅ» ሲሉኝ እነሱን አልጠላም፤ እውነታቸውን ነው እልና እሱን እጠላለሁ።

በዚያ ዓመት ታላቅ እህቴን አንድ ዲያቆን ወደዳት፤ እሷም ሞተችለት። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በተክሊል ማግባት አለበት፤ ሲያገባም የልጅቷ ብቻ ሳይሆን የቤቷም ነገር ይጠየቃል። ሽማግሌ ሆነው የሚመጡት ከልጅነቱ ያስተማሩት መሪጌታ ናቸው ተባለ። እሳቸው ትንባሆ ከሚጨስበት ቤት ውሃ እንደማይቀምሱ አገር ያውቃል። እናቴ አባቴን ለመነችው።

«ለልጅህ ስትል ለአንዲት ቀን አውርዳቸው።»

«ሰርቄ አላመጣኋቸውም» አለ።

በስንት ጭቅጭቅ የቡፌውና የመስኮቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ግን አላስነካም አለ፤ ነጭ አንሶላ ወጠርንባቸው። ሚስማሩን የመታችው እህቴ ነበረች።

ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጡ፤ መሪጌታውና ሁለት ሰዎች። እንደ ወጉ ቆሙ። አባቴ ተቀመጡ ቢላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የልጅቷ አባት ትንሽ መግደርደሩም ወግ ነው፤ ጨዋ ሰው ግን ልኩን ያውቃል። አባቴን በዕድሜው ማንም ቆሞ ለምኖት ስለማያውቅ ጣፈጠው። ዘመድ ልማክር አለ፣ ልጅቷ ገና ናት አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ዘመድ ልማክር አለ። መሪጌታው እግራቸውን ይታመማሉ። መቆሙ ሲበዛባቸው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ደገፍ አሉ።

አንሶላው ከነሚስማሩ ወረደ። ሁለት መተርኮሻዎች ተከትለውት ወድቀው ሲሚንቶው ላይ ተንኳኩ።

«እግዚኦ!» አሉ መሪጌታው፤ ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች ሄደ። «ለመሆኑ በዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚያጨስ?»

ሌላ አባት ቢሆን አላጨስም ብሎ ይምላል። የኔው ጎንበስ ብሎ የወደቀውን አነሳና አለመሰንጠቁን አየ። «ይኸ፣ የኔታ፣ አምባ ጊዮርጊስ ከነበረ ቡና ቤት ነው» አለ። «ያኛው ደግሞ ከዳባት…» ቡና ቤቶቹን ባንድ ባንድ ሊቆጥርላቸው ነው! ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የኔታ መቋሚያቸውን አነሱና ወደ በሩ ዞሩ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የእህቴ ሲቃ ተሰማኝ።

እኔ የእጅ ማስታጠቢያ ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። ማን ተናገሪ አለኝ?

«አባቴ አጭሶ አያውቅም» አልኩ። «ለማጨስም ወኔ ይጠይቃል። እሱ ሌላው አመዱን አራግፎ የሄደበትን ለቅሞ ያጥባል፣ ይወለውላል፣ ይሰቅላል። ዕድሜውን ሙሉ ሌላ የሠራው ነገር የለም።»

እናቴ ፊቷን ሸፈነች። አባቴ መተርኮሻውን እንደያዘ ቀረ፤ ወደ እኔ አላየም።

የኔታ ከበሩ ዞረው አዩኝ። «አባቷን ልታድን የምትዋሽ ልጅ እንዲህ አታዋርደውም» አሉ ለጓደኞቻቸው። «እውነቷን ነው። በሉ እንግዲህ እንቀመጥ። ይህችን ግን ቅጧት።»

አባቴ ያኔ በአንድ ቃል እሺ አለ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲወጡ ቀበቶውን ጠበቅኩ፤ ቢገርፈኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ቀስ ብሎ መጣና ትከሻዬን ይዞ «የኔ ልጅ፣ በሽማግሌ ፊት ተሟገትሽልኝ» አለኝ። ስድብና ሙገሳ የማይለይ ፍጡር ብዬ ይበልጥ ናቅኩት።

እህቴ ተዳረች። ቄስ አማቹ ሲመጣ እንዳይሳቀቅ ብሎ አባቴ መተርኮሻዎቹን ራሱ አውርዶ በካርቶን ከተታቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልሰቀላቸውም። ያንን ቀን ግን ላገኘው ሁሉ ያወራል። ለጎረቤት፣ ለእድርተኛ፣ ለማያውቀው የሚኒባስ ተሳፋሪ፣ ልጄ እንዴት እንደተሟገተችልኝ እያለ። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ፤ መጀመሪያ በሱ አፍሬ፣ ዕድሜዬ ገፋ ሲል ደግሞ በራሴ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ ሳስታምመው፣ መርፌ ልትወጋው የመጣችውን ነርስ በወሬ ያዛት። «ይህች ልጄ ምን ያለች ጠበቃ መሰለችሽ!» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ያኔ ያልሽውን ንገሪያት።»

«አባቴ አጭሶ አያውቅም አልኳቸው» አልኩ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች ነርሷ።

ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«በቃ፣ ያለችው ይኸው ነው» አላት፤ እጄንም ፈልጎ ያዘኝ።