የሞላች አራስ

ልጆቹ ንገሪን ብለው ያዙኝ። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራስ ቤት እየገቡ የሚሠሩ፣ አሁን የእኔን ሥራ የያዙ ወጣቶች ናቸው። "እማማ ሀዋ፣ ያኔ ዳየት የሚባል ነገር አልነበረም እንዴ?" አሉና ተሳሳቁ። ኧረ እኔም ለመናገር ቸኩያለሁ! ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት መሠረተ ትምህርት ላይ ነው። ወዲያ ወዲህ ካልኩ ታገሡኝ።

የመጀመሪያ ቀኔ ጉርድ ሾላ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነበር። ከወሎ ከመጣሁ ገና ነው። ይዛኝ የሄደችው አክስቴ ናት፤ እሷም ሥራዋ አራስ ማረስ ነበር። በር ላይ አቁማ ማዕረጉን አስረዳችኝ። "ትልቋ አዛዥ አማት ናት። ቀጥላ የአራሷ እናት። ከዚያ አራሿ፣ ማለት አንቺ። ከአንቺ በታች ወጥ ሠሪዋ። ባልየው አይቆጠርም።"

ጠዋት ገንፎ፣ ረፋዱ ላይ አጥሚት፣ ቀን የዶሮ መረቅ፣ ሲመሽ እንደገና ገንፎ። ገላዋን በሞቀ ውሃ ማጠብ፣ ወገቧን በቅቤ ማሸት፣ ሆዷን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ማሰር። "አራስ አጥንቷ ክፍት ነው፤ በቅቤ ካልሞላሽው ብርድ ይሞላዋል" ትለኝ ነበር አክስቴ። ሕክምናችን ይኸው ነበር። ሚዛናችን ደግሞ ጉንጭ ነው።

ያኔ ወፈረች ማለት እኮ ምርቃት ነው! ቃሉም ብዙ ነበር። ጉንጯ መለስ ሲል "ሰው መሰለች"። አገጯ ሥር እጥፋት ሲወጣ "ሥጋ ለበሰች"። አርባ ቀኗ ደርሶ ከመቀመጫዋ ለመነሣት ደጋፊ ከፈለገች ደግሞ "ታረሰች!" ይባላል፤ የአራሿም ስም እስከ ሳሊተ ምሕረት ይሰማል። ከሲታዋ ግን ወዮላት። "ምነው፣ ሳንባ ነው? ባሏ አያበላትም?" ቦርጫም ሲያልፍ "ተመችቶታል" እንላለን እንጂ ደም ግፊቱን ማን ይጠይቃል! ስኳርንማ "የሀብታም በሽታ" ብለን እንስቅ ነበር።

ኋላ ቦሌ ቤቶች መግባት ስጀምር ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። አንዷ አራስ ሚዛን ላይ ወጥታ ቁጥሩን ስታይ አለቀሰች። እኔ እኮ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር!

አሁን ወደ ሰሚራ ልምጣ። ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አያት ሰፈር፣ በአማቷ ቤት ወልዳ ተኛች። በእርግዝናዋ ጊዜ ሐኪሟ "ክብደትሽ ከልክ አልፏል፤ ቅቤና ጣፋጭ ቀንሺ" ብላታለች። አማቷ እትዬ ዘምዘም ግን ይህን አይሰሙም። "የሚመዘን እህል ነው፤ ሰው ምን ቤት ነው! ዘመድ መጥቶ ምራቴን ከስታ ሊያያት? ሀዋ፣ አደራ።"

በሩን ስዘጋው ሰሚራ እጄን ያዘችኝ።

"እትዬ ሀዋ፣ በአላህ፣ ይሄን ሁሉ አልችልም። ሳህኑ ብቻ ባዶውን ይመለስ።"

"የት ልድፋው? ቤቱ በሰው ተሞልቷል።"

"ይብሉት!"

በላሁት እንጂ ምን አደርጋለሁ። ቅቤውና በርበሬው ገንፎው መሀል ላይ ተንጣልሎ፣ ሲጣፍጥ! ለእሷ ሾርባና ጥቂት ቅንጬ እሰጣታለሁ። እትዬ ዘምዘም ባዶውን ሳህን እያዩ "ማሻአላህ" ይላሉ። እኔንም አንድ ቀን ገርምመው "አንቺም እኮ ቤታችን ተስማምቶሻል" አሉኝ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት የሰሚራ ፊት ሞልቶ አደረ። ጉንጯ ድቡልቡል፣ ዓይኗ ጥብብ። እትዬ ዘምዘም መጋረጃውን ከፍተው ሲያይዋት እልልታውን አቀለጡት። "ታረሰች! ይኸው ታረሰች! ሀዋ፣ እጅሽ ይባረክ!" ወዲያው ስልክ አነሡ፤ ደሴ ድረስ ሊደውሉ።

እኔ ግን ክው አልኩ። የማበላት እኔ፣ የምበላላት እኔ። ልጅቷ የምትኖረው በሾርባ ነው። ታዲያ ይሄ ሥጋ ከየት መጣ? ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። ጣቴን ሳነሣ ጎድጓዳው እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ።

"ራስሽን ያምሻል?"

"ከትናንት ጀምሮ ይፈልጠኛል። ዓይኔም ብዥ ይላል።"

"እትዬ ዘምዘም፣ ስልኩን ያስቀምጡት" አልኩ። "ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው። ሐኪም ቤት እንውሰዳት።"

"ምን ትላለች ይቺ! አራስ ይዤ ብርድ ላይ ልወጣ? ገንፎው ነው የሞላት!"

"አልበላችም።"

"ሳህኑን በዓይኔ አይቼ!"

"የበላሁት እኔ ነኝ!"

እትዬ ዘምዘም ከራሴ ጀምረው ቁልቁል አዩኝ፤ ሆዴ ላይ ሲደርሱ አመኑኝ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "መኪናውን አስነሣ!" ብለው ልጃቸው ላይ ጮኹ።

ሐኪሟ ግፊቷን ስትለካ ነርሶቹን በሩጫ ጠራች። ከወሊድ በኋላ የሚነሣ የደም ግፊት ነው አለችን፤ ብንዘገይ ኖሮ አንቀጥቅጦ ይጥላት ነበር። ሰሚራ ረጋ ስትል ሐኪሟ "እንዴት ነቃችሁ?" ብላ ጠየቀች።

"አራሿ ገንፎዋን በልታባት" አሉ እትዬ ዘምዘም።

ሐኪሟ ግራ ገባት። እኔ መሬት ትዋጠኝ አልኩ። ሰሚራ አልጋው ላይ ሆና ሳቀች! እሷን ስሰማ ነው ነፍሴ የተመለሰችልኝ።

መድኃኒቱ ሲሠራ እብጠቱ ወረደ። በአርባ ቀኗ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ አንዲት የሩቅ ዘመድ "ውይ፣ ምነው ከሳች? አራሽ የላትም እንዴ?" አለች።

"አልከሳችም" አሉ እትዬ ዘምዘም። "ተርፋ ነው።"

ከዚያ ወዲህ የወለዱትን ምራቶቻቸውን ሁሉ ያረስኩት እኔ ነኝ። ገንፎ ሳቀርብ ግን መጥተው ቁጭ ይሉና አፌን ያዩ ነበር።

እንግዲህ ልጆች፣ አራስ ስትሞላ ምን እንደበላች እዩ። ቅልጥሟን ጫን አድርጉት። ራሷን ከፈለጣት፣ ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ባታብጥም እንኳ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዷት።

እትዬ ዘምዘም ያን ቀን ለምን እንደዚያ አመድ እንደመሰሉ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከሰሚራ ነው። ታላቅ እህታቸው ደሴ ላይ አራስ ሆና ነው የሞተችው። "ራሴን፣ ራሴን" እያለች፣ ፊቷ ሞልቶ። "ዓይን በላት" ተብሎ ተቀበረች። ለቀስተኛውም ሲያለቅስ የነበረው "እንዴት አምሮባት ታርሳ ነበር!" እያለ ነው።