የእናቴ የወጥ ተራ

ባለፈው ቅዳሜ ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ አንድ ፌስታል ሽንኩርት ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት ጎረምሶች መሃል ተጣብቄ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል፤ ፓርቲዎች ይከራከራሉ። አንዱ «መጀመሪያ የማንነት ጥያቄ ይመለስ» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ መጀመሪያ ሀብቱ በእኩል ይከፋፈል፤ የተራበ ሰው ስሙን አይበላም» ይላል። ግራና ቀኜ ያሉት ልጆች ከሬዲዮው ተቀበሉና በእኔ አፍንጫ ሥር ይጨቃጨቁ ጀመር።

«እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ በመስኮቱ በኩል ያለው።

እኔ ልፍረድ? ይህን ጉዳይ እናቴ ድሮ ፈርዳዋለች፤ ያውም በጭልፋ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ነገርኳቸው።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ኮልፌ ውስጥ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አምስት ቤት ሸክላ ሠሪዎች ነበርን። ጭቃውን ቆፍረን በጀርባችን እናመጣለን፣ እንረግጣለን፣ ድስትና ጋን ሠርተን በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል እንተኩሳለን። የዚያ ጭስና የረጠበው አፈር ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ክረምት ሲገባ ግን ጉድ ይፈላል። ሳይደርቅ ዝናብ ያገኘው ድስት ተመልሶ ጭቃ ነው፤ እኛ ደግሞ ከራሳችን በላይ የሚበቃ ጣራ አልነበረንም። ሐምሌና ነሐሴን ጾም ኖረም አልኖረም እንጾማለን።

የሰፈሩ እድር አባላት ነበርን፤ ያም ሆኖ አባልነታችን እንደሌላው ሰው አልነበረም። ልቅሶ ሲሆን የእድሩ ሴቶች በየተራ ወጥ ይሠራሉ። የእናቴ ተራ ሲደርስ ግን «አንቺ ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ፍለጪ» ትባላለች። ምክንያቱን ፊት ለፊት የሚናገር የለም፤ ከኋላዋ ግን «ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል» ይባላል። የሚያስቀው ነገር፣ ወጡ የሚሠራው እሷ በሠራችው ድስት ነው! «እንደ እሷ ድስት ወጥ የሚያጣፍጥ የለም» እያሉ ይመሰክራሉ፤ እጇን ግን ይጠየፋሉ። የምትበላው ለብቻዋ፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ በተለየ ሰሃን ነው። ስሟ ጥሩነሽ ነበር፤ ሁሉም ግን «ሸክላዋ» ነበር የሚላት።

ደርግ ገብቶ ጥቂት ዓመት እንደቆየ የሸክላ ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋምን። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከሁላችን ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጸሐፊ አደረጉኝ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ሽፈራው ይባል ነበር። ቀጭን፣ ካኪ የማይለየው፣ ንግግር ከጀመረ ማቆሚያ የሌለው፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። እሱ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ መጋዘን እንደሚሰጠን በስብሰባ ቃል ገባልን። ባለ ቆርቆሮ መጋዘን! ክረምት ከበጋ የምንሠራበት! እናቴ እልል ብላ ድምጿ ተዘጋ።

«ሌላ ጥያቄ ያለው?» አለ ካድሬው።

ተነሳሁ። «ጓድ፣ እናቴ በእድሩ የወጥ ተራዋ ይሰጣት» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«ጓድ አልማዝ» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «መጀመሪያ ዳቦ ነው። ሀብት በእኩል ሲከፋፈል ንቀት በራሱ ጊዜ ይሞታል። በወጥ ምክንያት ሰፊውን ሕዝብ አታጋጪ። መጋዘኑን እኮ አናጢዎቹም ጠይቀውናል።»

ገባኝ፤ አፌን ካልዘጋሁ መጋዘኑ ለአናጢዎቹ ሊሰጥ ነው። አፍሬ ቁጭ አልኩ። እናቴ በነጠላዋ ሥር እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

ነገሩ ካድሬውንም ሳይከነክነው አልቀረም መሰለኝ። መጋዘኑ የሚመረቅ ዕለት፣ ግንቦት ማለቂያ ላይ የሰኔ ጾም ሳይገባ በአንድ እሑድ፣ ቀበሌው በሬ ጥሎ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ። ጓድ ሽፈራው ሊያከብረን ፈልጎ፣ ለአምስታችን ቤተሰብ ለብቻ፣ ከሕዝቡ ፊት፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ አግዳሚ ወንበር አዘጋጀልን። ከበላዩ «ለተጨቆኑ የእጅ ባለሙያዎች» የሚል ጽሑፍ አሰቀለ። አዲስ ሰሃንም ለብቻችን አስገዛልን። ከልቡ እኮ ነው! የመጋዘኑን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ንግግሩን ቀጠለ።

እናቴ አግዳሚውን አየች፣ ሰሃኖቹን አየች፣ ሳቋ መጣ።

«ልጄ፣ ይህን ቦታ አውቀዋለሁ» አለችው። «ድሮም ለብቻዬ ነበርኩ። አዲሱ ጨርቁ ነው።»

«እማማ ጥሩነሽ፣ ይቀመጡ እንጂ! ቁልፉን ላስረክብዎት ነው እኮ።»

«ይቆየኝ» ብላ ተነሳች።

ሰማዩ ጠቁሯል፤ ደጃችን ላይ ያልደረቀ ድስት ተደርድሯል፤ እሷ «ይቆየኝ» ትላለች! ሴቶቹ ወጥ ወደሚሠሩበት ሄደች። እሳቱ ላይ ያለው ትልቁ ድስት የራሷ ሥራ ነበር። ነጠላዋን አደግድጋ ጭልፋውን አነሳችና ማማሰል ጀመረች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከእሳቱ ራቁ። አለቃቸው ወይዘሮ አስካለ ብቻ አልተነቃነቁም። ወይዘሮ አስካለ ምላሳቸው እሳት ነው፤ ካድሬው ራሱ ይፈራቸዋል። እናቴን ትክ ብለው አዩአት። አለቀልን አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ባለሙያ ወጥ ልትቀምስ ስትል እንደምታደርገው። እናቴ ከጭልፋው ጠብ አደረገችላቸው። ላሱት።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ። «ምን ትገተሪያለሽ ጥሩነሽ፣ ጨምሪበት እንጂ!»

እናቴን በዚያ ሰፈር እንደ ወጥ ሠሪ ሲቆጧት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ጨው ጨመረችበት። ሁሉም በላ ብዬ አልዋሽም፤ ሰሃናቸውን አስቀምጠው ውልቅ ያሉ ነበሩ። ብዙው ሰው ግን ከእጇ ተቀብሎ በላ። እኛም ከመሃላቸው ገብተን በላን፤ ቀዩ አግዳሚ ባዶውን ዋለ።

ጓድ ሽፈራው ተቀይሞ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ዶፍ ጣለና ደጅ የነበረው ድስት ሁሉ ፈረሰ። «ብትቀመጪ ምን ነበረበት!» ብዬ በእናቴ ላይ ጮህኩባት። ዛሬም ስለዚያ ጩኸቴ ያመኛል። «ድስቱን መልሼ እሠራዋለሁ» አለችኝ፣ ጭቃውን እየሰበሰበች።

በሳምንቱ ወይዘሮ አስካለ የእድሩን ሴቶች አስከትለው ቀበሌ ገቡ። «የጥሩነሽ ቁልፍ የታለ?» አሉት ካድሬውን።

«ይህ የሸክላ ሠሪዎች ጉዳይ ነው» ቢላቸው፣

«የጎረቤታችን ጉዳይ ነው! አብረን ወጥ የሠራናት ሴት ዝናብ ላይ ቁጭ ብላ እኛ ዝም እንበል?» ብለው አፋጠጡት። ቁልፉን ተቀብለው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ራሳቸው አመጡልን።

ታክሲው ኮልፌ ሲቃረብ «እና የቱ ይቅደም?» አለኝ ከጎረምሶቹ አንደኛው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ» አልኩት። «መጋዘኑን የፈቀደልን ካድሬው ነው። ቁልፉን ያመጡልን ግን ከእጇ የበሉት ናቸው።» ይህን ብዬ «ወራጅ አለ!» አልኩና ወረድኩ።

የምሄደው ልቅሶ ቤት ነበር፤ የወጡ ተራ የእኔ ነው። ድስቱ አሁን ብረት ነው፣ ሴቶቹም የዛሬ ልጆች ናቸው። ሽንኩርቴን ከትፌ፣ አቁላልቼ፣ ወጡ ሲደርስ አንዷ መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ጠብ አደረግኩላት።

«እትዬ አልማዝ፣ ጨው አንሶታል» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቅር ይለው ነበር። እኔ ግን በኩራት ደረቴን ነፍቼ ጨመርኩበት።