የማልሱን ግንባር

ኮ ማልሱን በኮሪያ፣ በቶንግዮንግ ወደብ ከእኔ ጎን ተቀምጣ ዛጎል የምትፈለቅቅ ሴት ናት። ከግራ ቅንድቧ በላይ አጥንቷ እንደተገመሰ ሎሚ ወጣ ብሎ ነበር።

"ይሄ ሀብት ነው፤ የነካው እጅ ይድረቅ!" ይላታል ከሰው ፊት ዕድል የሚያነበው ባንግ። የሟች ባሏ ጓደኛ ነውና እንደ ወንድም አመነችው። ልጆቿ ሥራ ሲይዙ "አላልኩሽም?" አለ፤ ደንበኞቹንም እያመጣ ግንባሯን በጣቱ ያሳያቸዋል።

እብጠቱ ግን አደገ። ግራ ዓይኗን ወደ ታች ገፋው፤ አንዱ ዛጎል ሁለት ሆኖ ይታያት፣ ቢላዋውም መዳፏን ያገኝ ጀመር። "ሐኪም ጋ እንሂድ" ስላት "ጋሼ ባንግ ሀብትሽን አትግፊ ብሎኛል" ትለኛለች።

አንድ እሁድ በሕዝብ መታጠቢያው የሴቶች ክፍል የባንግን ልጅ ሶኖክን አገኘናት። ጸጉሯ ርሶ ተጣብቆ፣ በአናቷ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተዘረጋ ነጭ ጠባሳ ታየ።

"ምንድነው ይሄ፣ አንቺ ልጅ?" አለች ማልሱን።

"የድሮ ነው እትዬ። እንደ እርስዎ ያለ እብጠት ነበረኝ። ሳላገባ አባባ ሴኡል ወስዶ አስወጣልኝ።"

ማልሱን ጸጉሯን ሳታደርቅ ባንግ ደጃፍ ደረሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

"የልጅህ ሀብት የት ገባ?"

"እሷ ማግባት ነበረባታ! አንቺ ወልደሽ ጨርሰሻል። ደግሞ ያንቺን ግንባር 'ክፉ ነው' ብል ማን ይሰማኛል? ሀብት ነው ማለቴን አገሩ ሁሉ ያውቃል።"

"ታዲያ እኔ የሱቅህ ታፔላ ነኝ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ሁለት ሆነህ ነው የምትታየኝ፤ አንድህም በዝቶብኛል!"

በዚያው ወር ሆስፒታል ገባች። አስታማሚዋ ነበርኩና ሐኪሙን ሥዕል እስኪሥልልኝ ነዘነዝኩት። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ከቅንድብ በላይ አጥንቱ ውስጥ አየር የሚመላለስበት ክፍት ቦታ አለ፤ እብጠቱ እዚያ የበቀለ አጥንት ነው። ካንሰር አይደለም፣ አይዛመትም፤ ግን ሲጠበው የዓይን ጉድጓድን ጣሪያ ይገፋል። ቆዳውን ጸጉር ውስጥ ቀደው እንደ መጋረጃ ወደ ፊት ይገለብጡታል። እብጠቱ እንደ ዝሆን ጥርስ ይጠጥራልና በመሰርሰሪያ እየቦረቦሩ በቁራጭ በቁራጭ ያወጡታል። የተጎዳው የዓይን ጣሪያስ በምን ይጠገናል? በራሷ አጥንት! የራስ ቅል ሁለት ንጣፍ ነው፤ ከላይኛው ስስ ቁራጭ ይላጣል፣ የታችኛው አንጎልን መጠበቁን ይቀጥላል። ቁራጩም በጥቃቅን ብሎን ይታሰራል።

ፋሻው ሲፈታ ግንባሯ ልሙጥ፣ ዓይኗም ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ሁለት ማየቱ ቀረ። ግራ ዓይኗ ግን እንደ ጉም ደብዝዞ ቀረ፤ ነርቩ ብዙ ዘመን ተጨፍልቆ ኖሯል።

"እማማ፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…" አለ ሐኪሙ።

"ልመጣ ነበር" አለችው። "ወንድም ነበረኝ፤ አትሂጂ አለኝ።"