ጋሽ በርጋና የየቤታችን የመብራት መስመር

ኮልፌን ቤት ለቤት ያውቋት የነበሩት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋሽ በርጋ ታመው ቆይተው አርፈዋል፤ ባለፈው ሳምንትም ሸኝተናቸዋል። መርዶውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አሁን እሳቸው ከሌሉ ሰፈሩ ማን አለው ብዬ ደነገጥኩ።

እኔ ማዞሪያው አጠገብ ፀጉር ቤት አለኝ። ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው ሱቁን ልዘጋ በተቃረብኩበት ጊዜ ነው። የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ ባበራሁ ቁጥር ብሬከሩ ወርዶ መብራቱ ይጠፋል፤ ደንበኞቼም ፀጉራቸው እንደረጠበ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ሊጠግን የመጣው ሁሉ ሽቦ ጨምሮብኝ ከመሄድ በቀር ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ቁልፉን ለአከራዬ ልመልስ ወስኜ ነበር።

ጋሽ በርጋ እንደመጡ ካርቶን ጠየቁኝ። ከብሬከሩ ተነስተው እያንዳንዱን መስመር እየተከተሉ ንድፉን ሣሉና «በይ አንብቢልኝ» አሉ። ልማዳቸው ነበር፤ የቤቱ ሰው ንድፉን በጣቱ እየተከተለ ሳያነብላቸው ፒንሳ አያነሱም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ሙያዬ ፀጉር እንጂ ሽቦ አይደለም ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

ቆይቼ ንድፉ ላይ ሁለት መስመሮች የተሻገሩበትን ቦታ አየሁና ጥፋቱን ያገኘሁት መስሎኝ እዚህ ጋ ተነካክተዋል አልኳቸው።

«አይ ልጄ» አሉኝ፤ «ጦር ኃይሎች ላይ ስንቱ ታክሲ ይተላለፋል። ስለተላለፈ ግን ተሳፋሪው አይቀያየርም፤ የሚቀያየረው ፌርማታ ላይ ነው። መስመርም ሲሻገር ተገናኘ ማለት አይደለም። ነጥብ ያለበትን ፈልጊ።»

ፈለግሁ፤ ነጥቧ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን መገናኛ ታሳይ ነበር። የውኃ ማሞቂያውና ካስኩ እዚያ ተገናኝተው አንዷን ቀጭን ሽቦ ከአቅሟ በላይ አሸክመዋት ኖሯል። ያን ጊዜ ዋናውን አጠፉ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋገጡ፣ ለማሞቂያውም የራሱን መስመር ከነብሬከሩ ዘረጉለት። ሱቄ ዛሬም ክፍት ነው።

ይህን ያደረጉት ለእኔ ብቻ አይደለም። ዳቦ የምትጋግረው ጎረቤቴ ብርቄም የምድጃዋን መስመር እየተነጫነጨች ተምራለች። ወዳጆቻቸው ግን ስለ እንጀራቸው ይሰጉ ነበር። ሁሉም ማንበብ ከቻለ ማን ይጠራዎታል ሲሏቸው «የሚጠራኝ ሰው አላጣም፤ ኤሌክትሪክ የሚገድለው ሰው ግን ይቀንስልኛል» ይሉ ነበር።

ጋሽ በርጋ፣ የለቅሶዎ ድንኳን ሲተከል የዕድሩ ሰዎች አምፖሎቹን ይዘው ቆሙ። በሰፈራችን ለቅሶ መብራት የሚዘረጉት እርስዎ ነበሩና ሁላችንም በልማድ ዞር ዞር ብለን ፈለግንዎት። ከዚያ ብርቄ እጄን ያዘችኝ፤ ሌሎችም ያስተማሯቸው ጎረቤቶች መጡ። ንድፉን ሣልን፣ እየተራረምን አነበብን፣ ዋናውን አጥፍተን ዘረጋን። ሲበራ አለቀስኩ፤ ያስለቀሰኝ ግን ኀዘን ብቻ አልነበረም። በሰላም ይረፉ ጋሼ፤ ለእኛ አይስጉ።