ያላነበብኩት መጽሐፍ

በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የሚሠራ ሰው መጽሐፍን ሳያነብ ማወቅ ይለምዳል። ርዕሱን፣ ማውጫውን፣ መግቢያውን፣ የጀርባ ሽፋኑን ያያል፤ ከመሐል ጥቂት ገጽ ይገልጣል፤ መጨረሻውን ይሰርቃል። ከዚያ ካርዱን ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዲላ ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ሥራ ነው። በሥራ ቦታ ነውር የለውም፤ ነውሩ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወዳጆቼን ላታልልበት ስሞክር መጣ።

ሦስት ጡረተኞች ነን። ጋሼ የምንላቸው የወናጎ ሰው የውሰት ክፍል ኃላፊያችን ነበሩ። ሁለተኛዋ እዚሁ ዲላ ተወልዳ ያደገች ባልንጀራዬ ናት፤ የንባብ አዳራሹን ዝም የምታሰኘው እሷ ነበረች፣ አሁን ግን እሷን ዝም የሚያሰኝ የለም። በጋሼ በረንዳ ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያ ቀናችን ረቡዕ ነበር። የጋሼ ባለቤት የቡላ ገንፎ በቅቤ ስታቀርብ እኔ ጾመኛዋ ሻይ ብቻ ይዤ መቀመጤን ጋሼ ሁለት ጊዜ አዩና፣ እሳቸው ጴንጤ ሆነው ሳለ፣ ምንም ሳይሉኝ ወደ ሐሙስ አዞሩት።

ደንባችን ቀላል ነው፤ ዜና አይወራም። ጊዜው ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ የሚተክዝበት ስለሆነ፣ እኛ በሳምንቱ ካነበብነው ልብ የሚያሳርፈውን ብቻ እንጨዋወታለን። ጋሼ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ሁሉ ይወዳሉ፤ አንድም ቀፎ የላቸውም። ባልንጀራዬ የፍቅር ልብ ወለድ እንጂ ሌላ አትነካም።

“በዚህ ዕድሜሽ?” ስላት፣

“በልጅነቴማ ጊዜ የት ነበረኝ? ተራዬ ገና አሁን ደረሰ” ትለኛለች።

እኔ አገሬ ሰሜን ነው። እዚያ የቀረችኝ ታላቅ እህቴ ብቻ ናት። ከፋሲካ በኋላ ስልኳ እንቢ አለ። በደወልኩ ቁጥር የምትመልስልኝ ያቺ ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴት ናት። የዚያን ሰሞን ማንበብ አቃተኝ። ዓይኔ ከአንድ መስመር ላይ ይቀመጥና አይነሳም። የማለዳ ጸሎቴን እንኳ አፌ በቃሉ ይለዋል እንጂ መጽሐፉን ከፍቼ የማየው ለወጉ ነበር።

ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩ። አንድ ልብ ወለድ አነሳሁና እንደ ድሮው አገላብጬ ሐሙስ ዕለት ማውራት ጀመርኩ። ሐይቅ ዳር ስለምትኖር አስተማሪ ነው፣ በሦስት ክፍል ተከፍሏል፣ ስለ ቤተሰብና ስለ እርቅ ያነሳል፣ ወጣቶችም አዋቂዎችም ሊያነቡት ይችላሉ አልኩ።

ባልንጀራዬ ሳቋ መጣ። “አንቺ! ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ካርድ? ምነው የገጹን ብዛት ረሳሽ?”

ጋሼ አልሳቁም። ሻያቸውን አስቀመጡና፣ “እህቴ፣ ማንበብ ካቆምሽ ስንት ጊዜሽ ነው?” አሉኝ።

ሦስታችንም ያረጀነው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ማንን ላታልል ነው? ሁሉንም ነገርኳቸው። በመጨረሻ፣ “እንግዲህ ጠፍታብኛለች” ብዬ መነጽሬን አወለቅኩ።

“እሱ በእኛ ቤት አይባልም” አሉ ጋሼ። “መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ስናጣው ምን ነበር የምንጽፈው?”

“ከቦታው የለም” አልኩ።

“እ! ከቦታው የለም። ሰው ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይሆናል፣ ሌላ መደርደሪያ ገብቶ ይሆናል። ጠፋ ብለሽ የጻፍሽ ቀን ማን ይፈልገዋል?”

ባልንጀራዬ ወንበሯን አስጠጋች። “በይ መጽሐፉን ተይውና እሷን ንገሪን። ታስቃለች?”

ታስቃለች። እናታችንን ልታግዝ እሷ ቤት ስትቀር ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። ስመለስ ጥጥ እየፈተለች ታስነብበኛለች። ፊደል ስለማትለይ የቀረውን በጣቷ ቆንጠጥ ታደርግና፣ “ስንት ቅጠል ቀረን?” ትላለች። ካነሰባት ትቆጣለች፤ “ዛሬ እንዳትጨርሽው፣ ነገ ምን እንሰማለን?” እያለች መጽሐፉን ትነጥቀኛለች። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ፤ ለውሰት ክፍል የምትሆን ሴት ናት አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሐሙሶች መጽሐፍ አላመጣሁም፤ የማመጣው እሷን ነበር። ጎረቤት እንዴት እንደምታስታርቅ፣ ቄሱ ስብከት ሲያረዝሙባት እንዴት እንደምትስል አወራኋቸው። አንድ ማለዳ የጸሎት መጽሐፌን ከፍቼ ሳለ ዓይኔ ከመስመር ወደ መስመር ሲወርድ አገኘሁት። ያንኑ ያልተነበበ ልብ ወለድ አነሳሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ፤ በቀን ሦስት፣ አራት ገጽ።

ሰኔ ላይ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳጥፍ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

“እህት ዓለም! አለሽ?”

እሷው ናት፤ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። በሰው ስልክ ነበር የደወለችው፤ መስመር ይሠራል ወደተባለበት ከተማ ግማሽ ቀን ተጉዛ። ደኅና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ በቆሎው ተዘርቷል። እኔ ማልቀሴን ስትሰማ፣ “የሰው ሒሳብ እያስበላሽ አታልቅሺ” ብላ ተቆጣችኝ። ቀጥላም፣ “ንባቡስ? ታነቢያለሽ አይደል?” አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ከወር በፊት ቢመጣ ዋሽቼ ንስሐ እገባበት ነበር።

“አርባኛው ገጽ ላይ ነኝ” አልኳት።

“ስንት ቅጠል ቀረሽ?”

መጽሐፉ ትራሴ አጠገብ ነበር። የቀረውን በጣቴ ቆነጠጥኩት።

“ወፍራም ነው፣ እትዬ። ብዙ ቀርቶኛል።”

“ደግ” አለች፣ “ቀስ ብለሽ።”