ባዶ የቀረው የአበባው ቀለም

ባለቤቴ አስተማሪ ነበር። ትምህርት በሌለበት ቀን በሐረር ዙሪያ የሚበቅሉ የዱር አበቦችን ይለቅማል፤ በጋዜጣ መሐል ያደርቃቸውና መልካቸውን በወረቀት ዘርዝሮ ለኮሌጅ ይልካል። ቅጠሉን በማስመሪያ ይለካል፣ የአበባውን ክፍሎች ይቆጥራል። ቀለም ግን አይለይም፤ ቀይና አረንጓዴ ለእሱ አንድ ነበሩ። ስለዚህ «ዓይኔ፣ እስቲ ነይ» ብሎ ይጠራኛል። እኔ የማየውን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

በነሐሴ መጨረሻ ሐኪም ከሚባለው ጋራ አንድ ግላዲዮለስ የሚሉት የዱር አበባ ይዞ መጣ። ሲጠራኝ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ዞር ብዬም ሳላይ «ነገ» አልኩት። በማግስቱ ትኩሳት ያዘው። በሳምንቱ ቀበርነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ጋዜጣውን ገለጥኩት። አበባው ደርቆ እንደ ሻይ ቅጠል ጠቁሯል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ሹል መሆኑ፣ አበቦቹ ወደ አንድ ጎን መደርደራቸው፣ ድቡልቡል ሥሩ ክር በመሰለ ልባስ መሸፈኑ፣ ሁሉም ተጽፏል። «ቀለም» ከሚለው ፊት ብቻ ባዶ ነው።

አብሮት ያስተምር የነበረ ሰው «ቀይ ብለው ይላኩት፤ ማን ያያል?» አለኝ። ብዕሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ጥቅምት ገብቶ ስለነበር ጋራው ላይ አበባ አልቀረም። እስከሚቀጥለው ክረምት ጠበቅሁ።

ነሐሴ ሲመጣ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ ወተት የምታመጣልን የሐኪም ጋራ ሴት ወደ ማሳዋ ዳር ወሰደችኝ። ዳገቱ ጉልበቴን ጨረሰው።

«ይቺን ብለሽ ነው እንዲህ የለፋሽ? ወላሂ ላሞቼ እንኳ አይነኳትም!»

«ቀለሟን ምን ትይዋለሽ?»

«ቀይ ነዋ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀይ አልነበረም። የበሰለ ብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ውስጡ ቢጫ ነው፣ ቢጫው ላይ ቀጫጭን ቡናማ ጭረት አለ። ብዙ ቆየሁ።

«ሶብር አድርጊ፣ ቻይው እህቴ» ስትለኝ ነው ማልቀሴን ያወቅሁት።

ቤት ገብቼ ያየሁትን በባዶው ቦታ ጻፍኩ። እሱ ጽፎ ሲጨርስ ያነብልኝና «ልክ ነው?» ይለኝ ነበር። እኔም ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። ልክ አልነበረም። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ቀለሙ የታየው በዓመቱ፣ በሌላ ተክል ላይ ነው። ይህኛውን ያየው የለም።»