በላባ የተፈተነ ቆዳ

የግብር አቤቱታ ጽፈሃል ብለው ከቁስቋም ሰፈሬ ሲወስዱኝ ክረምት ነበር። ያስገቡኝ እስር ቤት የተደረገ የጣሊያን ጊዜ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ጥግ ላይ ግን በአንድ ሽማግሌ ዙሪያ ሰፊ ቦታ አየሁና ዕድሌ ነው ብዬ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«ምነው፣ ዓይንህን ምን ጋረደው? ቆማጣ ነው'ኮ!» አለኝ አንዱ።

የሽማግሌው አንገትና ክንድ ላይ ጠርዙ ያበጠ ክብ ክብ ነገር ወጥቷል። «እውነቱን ነው ልጄ፣ ራቅ በል» አሉኝ። የምርቅበት ቦታ አልነበረም፤ ብርዱም አያስመርጥም። በእኔ ጋቢ ሁለታችንም ተኛን።

ሽማግሌው እንደኔው በግብር ነገር የታሰሩ የሳንጃ አገር ገበሬ ናቸው። ሴት ልጃቸው ታጭታለች። «የቆማጣ ዘር ካሏት ማን ያገባታል?» እያሉ፣ ስንቅ ይዛ ስትመጣ እንኳ አይወጡላትም ነበር።

አንድ ቀን እስረኛ የሚያክም ድሬሰር መጣ። መድኃኒት የሚቀባበትን የዶሮ ላባ አወጣና «አያ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲነካዎት ይንገሩኝ» አላቸው። ላባው ክቡ መሀል ላይ አረፈ።

«ነካኸኝ» አሉ። ላባው ወደ አንገታቸው ዞረ። «እዚህም ነካኸኝ!»

«ሥጋ ደዌ ቢሆን አይሰማዎትም ነበር። ያሳክክዎታል አይደል? ጭርት ነው። ከእርጥበትና ከተዋሱት ልብስ ይመጣል እንጂ በዘር አይመጣም። ማሳከኩ ቢተውዎት እንኳ ይህን የምሰጥዎትን ቅባት አይተዉ፤ ከሥር ይቀርና ይመለሳል።»

ጀርባቸውን እኔ እቀባላቸው ነበር። የእኔም ብብት ማሳከክ ጀምሯል፤ ቅባቱ ለሁለት ስለማይበቃ ለእሳቸው ተውኩት። ቀስ በቀስ ክቦቹ እየከሰሙ ጠፉ።

ልጃቸው ስትመጣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ እኔም ጠያቂ ይመጣልኛል ብዬ አብሬ ወጥቼ ነበር። ልጅቷ ግን ታለቅሳለች። የአባቷ ቆማጣነት ወሬ ቀድሞ ሳንጃ ገብቶ እጮኛዋ ትቷታል።

ሽማግሌው በጠያቂው ሁሉ ፊት ክንዳቸውን ዘረጉላት።

«ንኪው። እኔም ደኅና ነኝ፣ አንቺም የሸጋ ሰው ዘር ነሽ። አንገትሽን ቀና አድርጊ።»

መዳፏን አሳረፈች። ዘበኛው ይበቃል እስኪል አላነሳችውም።

ከተፈታሁ በኋላም አግብታ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ይኸው እስካሁን ይከነክነኛል። የእኔ ጭርት ክረምት በገባ ቁጥር ይመለሳል። ሐኪም ያዘዘልኝን እቀባለሁ። ከመቀባቴ በፊት ግን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ጫፍ እነካዋለሁ።

ይሰማኛል።